ዱላም እንደ ሱሪ ልክ አለው

ሦስት ዓመት ሙሉ ጎልፍ ስጫወት ኳሴ ወደ ቀኝ እየተጠመዘዘች ጫካ ስትገባ በእጄ ሳሳብብ ኖርኩ። በነፋስም አሳብቤያለሁ፤ አንድ ቀንማ በጫማዬ ሁሉ። ድራይቨር የሚባለውን ዱላዬን ግን አልጠረጠርኩትም። እንዴት ልጠርጥረው? ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በቴሌቪዥን የማያቸው ተጫዋቾች ከሚይዙት ጋር የሚመሳሰል ነበር። 180 ዶላር ከፍዬ ከሰው እጅ ስገዛው ዘጠኝ ዲግሪ መሆኑን፣ ሻፍት በሚባለው ዘንጉ ላይም ኤክስ የሚል ፊደል መኖሩን አይቼ «ይሄ የወንድ ዱላ ነው» ብዬ ነበር።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ ድራይቨር በከረጢቱ ውስጥ ካሉት ዱላዎች ሁሉ ረጅሙና ጭንቅላቱም ትልቁ ነው። ጨዋታ ስንጀምር ኳሷን ቲ በምትባል ትንሽ እንጨት ላይ አስቀምጠን ሩቅ የምንልከው በእሱ ነው። ዲግሪው፣ ጎልፈኞች ሎፍት የሚሉት፣ የዱላው ፊት ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ልክ ነው፤ ባነሰ ቁጥር ኳሷ ዝቅ ብላ ትነሳለች። የሻፍቱ ፊደል ደግሞ ዘንጉ ምን ያህል እንደሚተጣጠፍ ይናገራል፤ አር መደበኛ፣ ኤስ ጠንከር ያለ፣ ኤክስ ድርቅ ያለ። ኤክስን የሚይዙት ዱላቸውን በሰዓት ከ110 ማይል በላይ የሚያስወነጭፉ ናቸው። እኔ በስንት እንደማስወነጭፍ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የምንጫወተው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ላንግስተን ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1939 የተከፈተ የሕዝብ ሜዳ ነው፤ ጥቁሮች ከነጮቹ ሜዳ በሚከለከሉበት ዘመን ለእነሱ ተብሎ የተሠራ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼና ጋሼ ከምንላቸው አንድ አዛውንት ጋር እዚያ እንገናኛለን። ድራይቨር ልክ ላስለካ ነው ስላቸው ጋሼ ሳቁብኝ። «ደግሞ ዱላ ልክ አለው? እኛ ገና ስንጫወት ማን ለክቶን ያውቃል?»

እውነታቸውን ነው። ደብረ ብርሃን ባደግኩበት ሰፈር ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ ቆልማማ ቅርንጫፍ ፈልገን እንቆርጥና ሩሯን ስንጠልዝ እንውላለን። ቅልጥማችን ቢላላጥም ማንም አይቆጣም፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው። የገናው ነገር በኋላ ጉድ ስላደረገኝ ነው አሁን ያነሳሁት።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አንድ ትልቅ ሱቅ ነበር፤ ያውም የሌሊት ፈረቃ ጨርሼ፣ ዓይኔ እየተጨፈነ። ሻጩ ትልቅ ማያ ፊት አቁሞ አራት ድራይቨር አከታትሎ አስያዘኝ። የሚገርመው፣ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ኳሷም ትርቃለች። የመጨረሻው 600 ዶላር ነበር፤ ማያው 248 ያርድ አለ። ሜዳ ላይ 248 ያርድ መትቼ አላውቅም። በኋላ እንደገባኝ ቁጥሩ ኳሷ በአየር ላይ የተጓዘችውን ብቻ ሳይሆን፣ እንደ አስፋልት በደረቀ መሬት ላይ የተንከባለለችውንም የደመረ ነበር። ልከፍል ካርዴን ካወጣሁ በኋላ ለባለቤቴ ደወልኩ። «ሜዳ ላይ ልሞክረው በላቸው» አለችኝ። ሜዳ አልነበራቸውም። ዱላ ነክታ የማታውቅ ሰው ከሁላችንም የተሻለ ነገር ተናገረችና ካርዴን መልሼ ከተትኩ።

ከዚያ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከቤት ውጭ ሣር ላይ የሚለካ ባለሙያ አገኘሁ። ለአንድ ሰዓት 100 ዶላር ነው፤ ብትገዛም ባትገዛም። መክፈሉ ትንሽ ቆጨኝ፤ ግን የሚያገኘው ከመለካቱ እንጂ ከሽያጩ ስላልሆነ ውድ ውዱን አልገፋብኝም። በዚህኛው ቀን ተኝቼ ነው የሄድኩት። የራሴን ጫማ፣ የራሴን ጓንት፣ የምጫወትባቸውንም ኳሶች ይዤ። ኳሶቹን ይዘህ ና ያለኝ እሱ ነው፤ የልምምድ ሜዳ ኳሶች አብዛኛውን ጊዜ ያረጁና አጭር የሚበሩ ስለሆኑ በእነሱ የተገኘ ቁጥር ያሳስታል።

ከኋላዬ መሬት ላይ አንዲት ትንሽ ራዳር አስቀመጠ። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ እጁን ሰደደና ለእግር ሽታ የሚረጨውን የዱቄት ቆርቆሮ አወጣ። የድራይቨሬን ፊት ነጭ እስኪሆን ነፋበት። «በል፣ እንደ ሁልጊዜው ምታ። እኔን ለማስደነቅ አይደለም» አለኝ። አሥር ኳስ መታሁ። ዱላውን ተቀብሎ ገልብጦ አሳየኝ። ዱቄቱ ዶሮ የረገጠው ይመስላል፤ ከአሥሩ ምልክት ስምንቱ ከመሐል ሸሽተው ወደ ተረከዙ፣ ዘንጉ ወደሚገባበት ጎን ተሰብስበዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያላሳየኝን ነገር አምስት ዶላር የማይሞላ ዱቄት አሳየኝ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ዱቄቱን አትርሱት፤ ያለ ራዳርም ይሠራል።

ተረከዙ ላይ ስትመታ የዱላው ጭንቅላት በቅጽበት ይጠመዘዛል፤ ኳሷ ደግሞ እርስ በርስ እንደተያያዙ የማሽን ጥርሶች በተቃራኒው ትሽከረከራለች። እንደኔ በቀኝ ለሚመታ ሰው ሽክርክሪቱ ኳሷን ወደ ቀኝ ይወስዳታል። ጎልፈኞች ስላይስ የሚሉት ያ ወደ ቀኝ መጠምዘዝ የተወለደው እዚያ ነበር።

ቁጥሮቹንም አነበበልኝ። ዱላውን የማስወነጭፈው በ92 ማይል ነው። ኳሷ የምትወጣው በ126፤ መሐል ላይ ብመታ ከ130 ማለፍ ነበረባት። የምትነሳው በ8 ዲግሪ፣ ስፒኗ፣ ማለትም ሽክርክሪቷ፣ በደቂቃ 3,400፣ በአየር የምትሄደው 188 ያርድ። አንዱን ቁጥር ሲያይ ግን ቅንድቡን አነሳ። ዱላዬ ኳሷ ጋ ሲደርስ ገና 4 ዲግሪ ወደ ታች እየወረደ ነው። ድራይቨር ግን ቲ ላይ ያለችን ኳስ ሲጠርግ፣ ቢቻል ትንሽ ወደ ላይ እያለ ሲነካት ነው ደስ የሚለው። «ልጅ ሆነህ ሆኪ ተጫውተሃል?» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሩር መሬት ላይ ናት፤ ከላይ ወደ ታች ካልጠለዝካት አትሄድም። ሠላሳ ዓመት አልፎ፣ ባሕር ተሻግሬ፣ እጄ አሁንም ደብረ ብርሃን ነው።

የወደድኩለት ነገር፣ ዱላ ከመለወጡ በፊት ሁለት ነገር በነጻ ለወጠልኝ። ቲውን ከፍ አደረገ፤ ዱላው መሬት ላይ ሲያርፍ የኳሷ ግማሽ ከጭንቅላቱ በላይ እንድትታይ። ኳሷንም ከደረቴ ትይዩ አንስቶ ወደ ግራ ተረከዜ አስጠጋት። በዚያው አሮጌ ዱላ 198 ያርድ ሄደች። ለአዲስ ዱላ ገና ሳንቲም ሳላወጣ አሥር ያርድ።

ከዚያ ወደ ሻፍቱ። ኤክሱን አውጥቶ ክብደታቸው በ50 ግራም አካባቢ የሆኑ ሦስት ዘንጎች አፈራረቀልኝ። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር አናዶኛል፤ አር፣ ኤስ፣ ኤክስ የሚባሉት ፊደሎች ፋብሪካዎች ሁሉ የተስማሙበት መለኪያ የላቸውም። የአንዱ ኤስ የሌላው አር ሊሆን ይችላል። እኔ ደግሞ በፊደል ነበር የምኮራው።

በሎፍት ግን ተጨቃጨቅን። 12 ዲግሪ እንድሞክር ሲለኝ እምቢ አልኩ፤ 12 የሽማግሌ ዱላ ነው ሲባል ነው የሰማሁት። አልተከራከረኝም። ሁለት ጭንቅላት አመጣ፣ ከሥራቸው የተጻፈውን ቁጥር በፕላስተር ሸፈነና «የሚመችህን አንተው ምረጥ» አለኝ። አምስት አምስት መታሁ። የአንደኛው ኳስ ዓይኔ እያየ ሰማይ ላይ ተንሳፈፈች፤ እሱን ነው አልኩ። ፕላስተሩን ላጠው። 12 ነበር። አንገቴን ደፍቼ ዝም።

የቀረው ርዝመቱ ነው። ሕጉ እስከ 48 ኢንች ይፈቅዳል፤ ከ2022 ወዲህ ለታላላቅ ውድድሮች 46 ላይ መገደብ ይቻላል። ሱቅ የሚሸጡት በአብዛኛው 45 ተኩል አካባቢ ናቸው፤ ረጅም ዘንግ ሩቅ ይልካል በሚል ስሌት። ይልካል፤ ከመሐል ከተመታ። ባለሙያው አንድ ኢንች ዝቅ ብዬ እንድይዝ ሲያደርገኝ፣ ፍጥነቴ አንድ ማይል ብቻ ቀነሰ፤ ዱቄቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ግን ወደ መሐል ተሰበሰቡ። ስለዚህ ይቆረጥ ተባለ፣ 44 ተኩል። ዘንግ ሲያጥር ጭንቅላቱ እጅ ላይ የቀለለ ስለሚመስል 8 ግራም ክብደት አከለበት። ልብስ ሰፊ እግር ካሳጠረ በኋላ ወገቡን መልሶ እንደሚያይ ማለት ነው።

የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች፦ ዱላው 91፣ ኳሷ 133፣ አነሳሷ 13 ዲግሪ፣ ስፒን 2,800፣ በአየር 213 ያርድ። ዱላውን በዝግታ እያስወነጨፍኩ 25 ያርድ ጨመርኩ።

ጭንቅላቱን ያለፈውን ዓመት ሞዴል በ340 ዶላር ገዛሁ። አዲሱ በየዓመቱ «ከሁሉ የሚርቅ» ተብሎ ይወጣል፤ ነገር ግን የጭንቅላቱ ይዘት 460 ሴንቲ ሜትር ኩብ ላይ፣ የፊቱም መንጠር በሕግ ከታጠሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ከመሐል ሲመታ አንዱ ዓመት ከሌላው ያን ያህል አይራራቅም። የሚሻሻለው ከመሐል የወጣውን ኳስ ይቅር ማለታቸው ነው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ዓመት ሰማይና ምድር አይሆንም።

ከዱላ በፊት ትምህርት ይቅደም የሚሉ አሉ። ግማሹን እስማማለሁ፤ ያቺ የቲው ነገር ትምህርት ነበረች። ግን ልኬ ያልሆነ ረጅምና ደረቅ ዱላ ሦስት ዓመት ሙሉ መጥፎ ነገር ሲያስተምረኝ እንደነበርም አልረሳም። የእኔ ስህተት ደግሞ ሌላ ነው፤ ግሪፑን፣ ማለትም የዱላውን መያዣ፣ አላስለካሁም። እጄ ትልቅ ነው፣ የመጣልኝ ግሪፕ ቀጭን ነው፣ ወር ሳይሞላ ተመልሼ አስቀየርኩ። ደግሞ መጀመሪያ ላንግስተን ይዤው የሄድኩ ቀን ሰው ከበበኝና በኃይል ሰነዘርኩ፤ ኳሷ የድሮ መንገዷን አልረሳችም፣ ቀኝ፣ ጫካ። ተለክቶ የተሰፋ ሱሪም ቢሆን ሆድ ከነፉበት ቁልፉ ይበጠሳል።

በሁለተኛው ጉድጓድ ተረጋግቼ ስመታ ግን መሐል ሄደች። ጋሼ ቀረብ ብለው ዱላውን ከእጄ ወሰዱና አገላብጠው አዩት። ከእኔ አንድ ጭንቅላት ያጥራሉ። በሕጉ ሌላ ተጫዋች እየተጫወተበት ያለ ዱላ መዋስ አይቻልም ብላቸው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ኳሳቸውን ቲ ላይ አስቀመጡ። ጠረጓት፤ ከእኔዋ አልፋ መሐል ላይ ቆመች።

«ይሄስ ልኬ ነው» አሉና እስከ አምስተኛው ጉድጓድ ድረስ አልመለሱልኝም።