ሳተላይት ያስጠፋውን ንዝረት በቤተ ሙከራ እንዴት እንዳሳየሁ

ነሐሴ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ሕንድ ኤስኤስኤልቪ የተባለውን አነስተኛ ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከስሪሃሪኮታ አስወነጨፈች። የተሸከመው ኢኦኤስ-02 የተባለችውን የሙከራ የመሬት ምልከታ ሳተላይትና 750 ልጃገረድ ተማሪዎች የተሳተፉባትን አዛዲሳትን ነበር። ሁለቱም ጠፉ። የቁጥጥር ምህንድስና ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ሮኬቱ አልፈነዳምና፤ ሦስቱም የጠጣር ነዳጅ ደረጃዎች በወጉ ነድደዋል።

በስሌት ጀመርን። የታቀደው 356 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ክብ ምሕዋር ሲሆን የተገኘው ዝቅተኛ ጫፉ 76 ኪሎ ሜትር የሆነ ሞላላ ነው። ለክቡ በሰከንድ 7.69 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ሞላላው በከፍተኛ ጫፉ ላይ ያለው 7.61 ነው። የጎደለው ከመቶ አንድ እጅ ብቻ! 76 ኪሎ ሜትር ላይ ግን አየሩ ሳተላይትን አያሳልፍም። አንድ ተማሪ አላምን ብሎ ስሌቱን ደጋግሞ ሠራው።

ሁለተኛው ደረጃ ሲነጠል የተፈጠረው ንዝረት አክስለሮሜትሮቹን፣ ማለትም የፍጥነት ለውጥ መለኪያዎቹን፣ ለቅጽበት ከአቅማቸው በላይ አናወጣቸው። ብልሽት አጣሪው ሶፍትዌር ተበላሽተዋል ብሎ ፈረደባቸው፤ ሮኬቱም ወደ መጠባበቂያ አካሄድ ዞረ። ፍጥነቱን የሚያሟላው ትንሹ የፈሳሽ ነዳጅ ክፍል ሳይነሳ ቀረ። መለኪያዎቹ ግን ወዲያው ወደ ደህና ንባባቸው ተመልሰው ነበር።

ይህን ለማሳየት ሦስት ርካሽ አክስለሮሜትሮች በአንድ ጣውላ ላይ በብሎን አሰርኩና የጣውላውን ጫፍ በመዶሻ መታሁ። በኮምፒውተሩ ላይ ሦስቱ መስመሮች እኩል ዘለው የመለኪያዎቹ ጣሪያ የሆነው 16 ጂ (የመሬት ስበት 16 እጥፍ) ላይ ጠፍጣፋ ሆኑ፤ ከዚያ እኩል ወረዱ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተካዋል ብለን ሦስት ብናደርጋቸውም፣ ጣውላው አንድ በመሆኑ አብረው ተሳሳቱ። አንዱን ስፖንጅ ላይ ሳስቀምጠው ብቻ ከሌሎቹ ተለየ።

ተማሪዎቹ መፍትሔው አጣሪው ከመፍረዱ በፊት ቆይቶ እንዲያይ ማድረግ ነው አሉ። መዶሻውን በእርግጥም ቻለው። እኔ ግን ሙከራው እየሄደ የአንዱን ሽቦ ነቀልኩ፤ አጣሪው እየጠበቀ ሳለ የሞተው መለኪያ የሐሰት ንባብ የፍጥነቱን ስሌት ይዞት ሄደ። እዚህ ላይ የተነሳው ክርክር ከክፍለ ጊዜው አልፎ ኮሪደር ድረስ ወጣ።

የሕንድ የጠፈር ምርምር ድርጅት የመነጠያ ዘዴውንም የአጣሪውንም አሠራር ቀይሮ የካቲት 3 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢኦኤስ-07ን በ450 ኪሎ ሜትር ምሕዋር ላይ አስቀመጠ። እኔም በቤተ ሙከራው መመሪያ ውስጥ ሁለቱንም ፈተና አስገብቻለሁ፦ መዶሻውንም የተነቀለውንም ሽቦ። አንዱን ብቻ ያለፈ ፕሮግራም ተሠርቶ እንዲመጣ ለባለቤቱ እመልሳለሁ።