ጉድጓድ ሲዳከም፣ ከአሲዱ በፊት

ከካዛንቺስ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ሰፈሮች የራሳቸው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ያላቸው ሆቴሎችና ሕንፃዎች ጥቂት አይደሉም። ጉድጓዱ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ሲደክም ባለንብረቶች ለእኛ ለባለሙያዎች የሚያቀርቡት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «አሲድ ቢጨመርበት አይሻለውም?» የሚል ነው። ሊሻለው ይችላል። ሆኖም አሲድ የሚያሟሟው የተወሰኑ የቅርፊት (ከውሃው ረግቶ በጉድጓዱ ውስጥ የሚጋገር ማዕድን) ዓይነቶችን ብቻ ስለሆነ፣ የውሃው መቀነስም ከቅርፊት ጋር ጨርሶ ላይገናኝ ስለሚችል፣ ምርመራው ሳያልቅ ስለ አሲድ መነጋገር አልወድም።

ፓምፑ ቆሞ ውሃው ከተረጋጋ በኋላ ያለው ከፍታ አስቀድሞ ይለካል። ይህ ከፍታ በቁፋሮው ጊዜ ከተመዘገበው በብዙ ዝቅ ብሎ ከተገኘ የወረደው የከርሰ ምድር ውሃው ራሱ ነው፤ በአንድ አካባቢ ብዙ ጉድጓድ ሲቀዳ ይህ የሚጠበቅ ሲሆን በአሲድ አይመለስም። ከፍታው ካልተለወጠ በሰከንድ የሚወጣው ሊትር፣ በሚቀዳበት ጊዜ ውሃው ለሚወርድበት ሜትር ይካፈላል። በሰከንድ 5 ሊትር ሲቀዳ 10 ሜትር ይወርድ የነበረ ጉድጓድ ውጤቱ 0.5 ነው፤ ዛሬ ለዚያው 5 ሊትር 20 ሜትር የሚወርድ ከሆነ አቅሙ በግማሽ ቀንሷል። ውጤቱ እንደ ቀድሞው ሆኖ የሚወጣው ውሃ ብቻ ካነሰ ግን የሚመረመረው ፓምፑና ቧንቧው ነው። የነዳጅ ጉድጓድ መሐንዲሶችም ይህንኑ ስሌት ይሠራሉ፤ ልዩነቱ እነርሱ የሚያካፍሉት ለግፊት ልዩነት መሆኑ ነው።

አቅሙ መቀነሱ ከተረጋገጠ በኋላ የሚቀዳውን መጠን ደረጃ በደረጃ እየጨመሩ በየደረጃው የውሃውን መውረድ መመዝገብ ይገባል። የከርሰ ምድር ውሃ ተመራማሪው ጃኮብ እ.ኤ.አ. በ1947 ያቀረበው ቀመር ይህን መውረድ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንደኛው ክፍል ከሚቀዳው መጠን ጋር በቀጥታ የሚያድግና በአብዛኛው የዓለቱን ባሕርይ የሚያሳይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከመጠኑ ካሬ ጋር የሚያድግና ውሃው በወንፊቱ (ውሃ ወደ ጉድጓዱ በሚያስገባው ቀዳዳማ የቱቦ ክፍል) እና በቱቦው ሲያልፍ የሚያጋጥመውን ተቃውሞ የሚያመለክት ነው። ከቀድሞው ፈተና ጋር ሲነጻጸር ሁለተኛው ብቻ ከጨመረ ወንፊቱ ተደፍኗል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ቅርፊቱ በወንፊቱ ዙሪያ ባለው ጠጠር ውስጥ ከሆነ የመጀመሪያውም ክፍል ሊጨምር ስለሚችል፣ በቀመሩ ብቻ መፍረድ አይገባም፤ ፓምፑ ሲወጣ ካሜራ ማውረድና ከቅርፊቱ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

ናሙናው ብዙ ይናገራል። አሲድ ሲነካው የሚፈላ ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ይህም ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ሲሆን፣ በጉድጓድ ግን ዋናው ምክንያት ሙቀት ሳይሆን ውሃው በኃይል ሲሳብ ግፊቱ ወርዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማምለጡ ነው። ቀይ ቡናማና ዝልግልግ ያለው ደግሞ አየር ያገኘ ብረት ነው፤ ብዙ ጊዜ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች አብረውት ይኖራሉ። በባሕር ላይ የነዳጅ ጉድጓዶች፣ ወደ ዓለቱ የሚገፋው የባሕር ውሃ ሰልፌት ከዓለቱ ውሃ ባሪየም ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ባሪየም ሰልፌት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አያሟሟውም፤ ልዩ ኬሚካል ወይም በመሣሪያ መፋቅ ይፈልጋል። ከነዳጁ የረጋ ሰም ከሆነም መፍትሔው ሙቀት ወይም ሟሟ ፈሳሽ ነው። አሲድ በደፈናው የሚያዝዙትን ሰዎች ይህን ባስታውሳቸው ደስ ይለኛል።

ለካርቦኔት ሃይድሮክሎሪክ ወይም ሰልፋሚክ አሲድ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ብረት የሚበላ በመሆኑ ዝገት ተከላካይ ሳይጨመርበት ወደ ብረት ቱቦ መግባት የለበትም። ብረት ያዘለ ቅርፊት ላይ ሲትሪክ አሲድ ይጨመራል፤ አለዚያ የሟሟው ብረት አሲዱ ሲደክም ተመልሶ ይረጋል። ለባክቴሪያው ክሎሪን ይደረጋል፤ ነገር ግን ክሎሪንና አሲድ አንድ ላይ ከተገናኙ መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥሩ፣ በሁለቱ መካከል ጉድጓዱ በሚገባ ታጥቦ መቀዳት አለበት። ካርቦኔቱ ሲፈላ የሚወጣው ጋዝም ከአየር ስለሚከብድ በፓምፕ ቤቱ ወለል ላይ ይተኛል፤ በሩ ተዘግቶ መሥራት ሕይወት ያስከፍላል። ያገለገለው አሲድ በሶዳ አሽ ወይም በኖራ አሲድነቱ ሳይጠፋ ወደ መንገድ ቦይ ሲለቀቅ መጨረሻው እንደ ባንተይቀጡ ያሉ የከተማዋ ወንዞች ናቸው፤ ይህን ቸል የሚል ሥራ ተቋራጭ በርካሽ ቢሠራም አልመርጠውም።

ሕክምናው ሲያልቅ ያው የደረጃ ፈተና ይደገማል። ባለንብረቶች ይህን ሁለተኛ ፈተና እንደ ትርፍ ወጪ ያዩታል፤ እኔ ግን የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ ውጤት በፊት ባይፈጸም እመክራለሁ። ቅርፊቱን ያመጣው አቀዳድ ካልተለወጠ ደግሞ ቅርፊቱ ይመለሳልና፣ ለጥቂት ሰዓት በኃይል ከመቅዳት ይልቅ በአነስተኛ መጠን ለረጅም ሰዓት መቅዳትና የውሃው ከፍታ ከወንፊቱ በታች እንዳይወርድ መጠበቅ ይሻላል። ፓምፑ ተመልሶ ሲወርድ የውሃ ከፍታ መለኪያ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ አብሮ እንዲታሰር አዝዙ፤ ያለ እርሱ የሚቀጥለው መዳከም ከየት እንደመጣ ለማወቅ ፓምፑን እንደገና ማውጣት ሊያስፈልግ ይችላል።