የማይደርቅ ስፖንጅ

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ማድ ቤቴ ውስጥ የሚደርቅ ነገር ጠፍቷል። አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የማድ ቤቱ መስኮት ከሌላ ብሎክ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው፤ በበጋም ፀሐይ ዝር አይልበትም። ጠዋት የጨመቅኩት ስፖንጅ ማታም ያው እርጥብ ነው። ሽታውን ባላነሳው ይሻላል።

ደግሞ ውሃ በፈረቃ ነው። በማይመጣበት ቀን ዕቃው ሁሉ በአንድ ሳፋ ውሃ ይታጠባል፣ ስፖንጁም እዚያው እጣቢ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል። እርጥበትና የምግብ ፍርፋሪ ካገኘ ባክቴሪያ ሌላ ምን ይፈልጋል? እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመን ተመራማሪዎች 14 ያገለገሉ የማድ ቤት ስፖንጆችን መርምረው ነበር። በጣም በበዛበት ቦታ፣ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ50 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ አገኙ። አብዛኛው በሽታ አያመጣም፤ ለዚያ ብዙም አልጨነቅም። የሚያስፈራኝ የጥሬ ሥጋው ነው። ዶሮ የተበለተበትን መክተፊያ ያሸ ስፖንጅ፣ ዞሮ የሕፃን ጡጦ ሲያጥብ።

ጨርቆቹን አሮጌ ድስት ውስጥ አፈላቸዋለሁ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ 100 አይገባም። ቢሆንም ጥቂት ደቂቃ ከተንተከተከ ለጨርቅ ይበቃዋል።

በረኪና ላይ ግን የሰዉ እምነት ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ቅባትና ፍርፋሪ ካገኘ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጡት በረኪና መዘፍዘፍ ነው። ከሎሚ ወይም ከአቼቶ ጋርማ ጨርሶ አይገናኝ! የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። ዶሮውን በሎሚ አጥበው፣ ሲንኩን ሳያለቀልቁ በረኪና የሚደፉበት ሰዎች አውቃለሁ።

ይሄን ሁሉ ለእማዬ ስተነትንላት ቆይታ፣ «ቃጫ ምን አጠፋ?» አለችኝ። እሷ ቤት ቃጫው ዕቃ አጥቦ ሲያበቃ ይለቀለቃል፣ ይራገፋል፣ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ነፋስ ስለሚያልፍበት ቶሎ ይደርቃል። ምን ብዬ ልከራከራት? የኖርዌይ ተመራማሪዎችም ያሉት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ሳልሞኔላ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ እርጥብ ስፖንጅ ውስጥ ይራባል፣ እየደረቀ በሚያድር ብሩሽ ላይ ግን ይሞታል።

ስለዚህ መርካቶ ስትሄድ ቃጫ ልትገዛልኝ ተስማምተናል። ስፖንጁ ለብርጭቆ ብቻ ይቀራል፣ እሱም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። የተጣላነው በምጣዱ ማሰሻ ነው። እኔ እሱም ይፍላ ባይ ነኝ።

«አፍዪው» አለች፣ «እንጀራው ምጣዱን አልለቅ ሲልሽ ግን እንዳትደውዪልኝ።»