ውኃ የማይጠጣበት ጉዞ

ሰሞኑን ሆዴ ባር ባር ይለኛል። የክረምቱ ጭጋግ ይሁን የቤቱ ጭር ማለት፣ ለይቼ አላወቅሁትም። እህቴ በሰላም ተገላግላለች፤ እናቴም አራስ ልትጠይቅ አዲስ አበባ ወርዳለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ እሷን ከሸኘሁበት ከደሴው መናኸሪያ ግቢ አልወጣ ብሏል።

መናኸሪያው ያው የምታውቁት ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ በሩ ላይ ሕዝቡ ይጋፋል። ግቢው ጭቃ ነው፤ የመጠለያው ቆርቆሮ ያፈሳል፤ ሰው ከዝናቡ ሸሽቶ ገብቶ እዚያው ይረጥባል። ረዳቶቹ ወልድያ፣ መርሳ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ እያሉ ይጣራሉ። ጫኝና አውራጁ ሻንጣ ከእጅ ይነጥቃል። ከወግዲ በኩል የመጡ አንዲት እናት ትልቅ የራጅ ፖስታ በነጠላቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። እሳቸው ትከሻቸው ድረስ ርሰዋል፤ ፖስታው ግን ጠብታ አልነካውም። አንድ ለግላጋ ረዳት አያቸውና፣ «አብሽሩ እማማ፣ ከፊት ነው የማስቀምጥዎት» አላቸው። እንዲህ ያለውን ልጅ አላህ ያቆይልን። ያ ግቢ ሰው የሚቆምበት የሆነው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው እንጂ በቆርቆሮውማ አይደለም።

እናቴን ብርዱ እንዳይጎዳት ሻይ ላምጣልሽ አልኋት።

«ተው ልጄ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ በአፌ አልዞረም። መንገድ ላይ ምን ይውጠኛል?»

የወግዲዋ እናት ሰምተው ዞር አሉና፣ «እኔም እንደርስዎ ነኝ እቴ» አሏት። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ በላይ መነጋገር አላስፈለጋቸውም።

ይህ ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። እስከ አዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ነው፤ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ወንዱ አውቶቡሱ ሲቆም ከኋላው ዞር ብሎ ይገላገላል። ሴቷስ? የመናኸሪያው መጸዳጃ በሩ አይዘጋም፣ ውኃ የለውም፤ ሌሊት ደግሞ መብራት የለውም። ስለዚህ እናቶቻችን ከዋዜማው ጀምሮ ጉሮሯቸውን ያደርቃሉ። እርጉዟም፣ ኩላሊቷን የታመመችውም፣ ስኳር ያለባትም። ለሕክምና የሚጓዝ ሰው ራሱን በውኃ ጥም አሳምሞ ሐኪም ዘንድ ይደርሳል። ስለ መናኸሪያ ስናማርር ስለ ትኬት ዋጋና ስለ ሌባ እናወራለን፤ ስለዚህ ግን ማንም ትንፍሽ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹም ነውር ነው ብለው ዝም ይላሉ።

ታዲያ ይህን ሳብሰለስል ሐሳቤ ባቡሩ ላይ ወደቀ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አቅራቢያ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መስመር። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር የነበረንን ደስታ አስታውሳለሁ። የድሮው የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ወሎ ከመንገዱ ውጪ ነበረች። እስከ ዛሬም የሚያመላልሰን ጣሊያን በጣርማ በር ተራራውን በስቶ ያወጣው የመኪና መንገድ ነው። ስለዚህ ባቡር ይመጣል ሲባል በመጨረሻ እኛም ተቆጠርን ብለን ነበር። የቱርኩ የግንባታ ድርጅት ያፒ መርኬዚ መጣ፤ ዋሻ ተበሳ፤ ድልድይ ቆመ፤ ገበሬው ማሳውን ለሐዲዱ ለቀቀ። እናቴ ስለ ፍጥነቱ ግድ አልነበራትም። ከሰማችው ሁሉ ልቧ ውስጥ የገባው አንድ ነገር ነበር፦ «መጸዳጃው ውስጡ ነው አሉ።»

መስመሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ኃይሉ ግን በጊዜው አልደረሰለትም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ኮምቦልቻ መጣ፤ ከባቡሩም ንብረት ብዙው ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። ሐዲዱ አጠገብ የተወለዱ ልጆች ባቡር ሳያዩ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሰው የሚያጨናንቀው አንድ የፈራረሰ ግቢ አለን፤ ሰው የናፈቀው ጣቢያም አለን። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ በደረስሁ ቁጥር ይህ ያንገበግበኛል።

ባቡሩ እንዲመጣ ከልቤ እፈልጋለሁ። የተከፈለበት መሬትና ላብ ከንቱ እንዲቀር አልፈልግም። ግን ባቡሩ ቢመጣም ከወግዲ፣ ከደላንታ፣ ከወረኢሉ የሚነሣው ሰው ጣቢያው የሚደርሰው በመኪና ነው፤ በመናኸሪያ ማለፉ አይቀርም። በሩ የሚዘጋ፣ ውኃና መብራት ያለው መጸዳጃ ለመሥራት ደግሞ ተራራ መብሳት አያስፈልግም። አንዳንዴ ይህችን ትንሿን ብቻ እንጠይቅ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ትንሹን ስንለምን ሹማምንቱ ትልቁን የተውነው እንዳይመስላቸው እፈራለሁ። እናቴን ብጠይቃት የቱን ትመርጥ ይሆን?