ሰባት ቁጥር ካርታ አፋልጉን

ለገና ከአሜሪካ የመጣው የእህቴ ልጅ ሻንጣው ውስጥ ካርታ ይዞ ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ምሳ ተበልቶ፣ ሁሉም በዶሮ ወጥ ደክሞ ሶፋው ላይ እንደተዘረጋ "ኑ እንጫወት" አለ። ጋሼ ኮንከር መስሏቸው ወዲያው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ጋሼ ኮንከር ላይ ከተቀመጡ ቤቱ ቢቃጠል እንኳን "ቆይ ይቺን ልዝጋ" የሚሉ ሰው ናቸው።

ጨዋታው ግን ጎ ፊሽ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 5 ካርታ ይታደላል፣ የተረፈው መሃል ይቀመጣል። አንዱን ሰው ትመርጥና "ስምንት አለህ?" ትለዋለህ። ካለው ያለውን በሙሉ ያስረክባል፣ ከሌለው ከመሃል ታነሳለህ። አራት አንድ ዓይነት ስትሞላ መሬት ታወርዳለህ። 13ቱም የካርታ ዓይነቶች አራት አራት ሞልተው ሲወርዱ ያልቃል፣ ብዙ ያወረደ አሸነፈ። እጅህ ላይ የሌለውን መጠየቅ አይቻልም፣ መዋሸትማ ጭራሽ።

እንግዲህ ይሄ ጨዋታ ፊት ለፊት ለሚጠይቅና እውነቱን ለሚመልስ ሰው የተሠራ ነው። እኛ ቤት ማን አለ እንደዚያ?

አክስቴ "እንዳላስቸግርሽ ብዬ እንጂ ምናልባት ከተረፈሽ አንድ አምስት..." እያለች ተራዋን ትጨርሳለች። ጋሼ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ዘጠኝ ሲጠየቁ "የለኝም" ይላሉ፣ ትንሽ ቆይተው አራት ዘጠኝ ዘርግተው ያወርዳሉ። "ያኔ አልነበረኝማ፣ አሁን መጣ!"

ከሁሉም የባሰችው እማማ ናት። ልጁ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው "እማማ፣ ሦስት አለህ?" ሲላት "ሦስት እንኳን የለኝም የኔ ጌታ፣ ይሄን ጺማሙን ሰውዬ ውሰድ" ብላ ኪንጓን ሰጠችው። አይቻልም ብንላት "ልጁን ባዶ እጁን ልመልሰው?" ብላ ተቆጣች። እኔ እኮ ሦስት ኪንግ ይዤ አራተኛውን ስጠብቅ ነው የቆየሁት! ልጁ እንደ ምንም ዞር ብሎ "ኪንግ አለህ?" አለኝና ሦስቱንም ጠራርጎ ወሰደብኝ። እማማ አጨበጨበችለት።

መጨረሻ ላይ የመሃሉ ካርታ አለቀ። ልጁ አራት ጊዜ ሞልቶ አውርዷል፣ ጋሼም አራት ጊዜ፣ እኛ ሦስታችን ተደምረን አራት ጊዜ። ልጁ እጅ ላይ ሦስት ሰባት ቀርቷል። የሌሎቻችን እጅ ባዶ ነው። አራተኛው ሰባት የለም።

ዓይን ሁሉ ጋሼ ላይ አረፈ። ሰባት ካልተገኘ እኩል ለእኩል ናቸው፣ ከተገኘ ደግሞ በልጅ ሊሸነፉ ነው። አክስቴ ይሉኝታዋን ረስታ "ኮትዎን ያውልቁ" አለች። ጋሼ በስድሳ ዓመታቸው በበዓል ቀን ኪሳቸውን ገለበጡ። መሀረብ፣ የታክሲ ዝርዝር፣ አንድ ሙሉ ማስቲካ። ሰባት የለም። "በቤቴ እንደ ሌባ ልፈተሽ?" አሉ። ቤቱ የእማማ ነው።

የሶፋ ትራስ ተነሳ፣ ቄጠማው ተበረበረ። ልጁ ስልክ አብርቶ በደረቱ ተኛና ረከቦቱ ስር ገባ። ከዚያ ስር ጮኸ።

ሰባቷ አራት ቦታ ታጥፋ የረከቦቱ አንድ እግር ስር ተሸጉጣለች። እማማ ቶናውን ልትቀዳ ስትል ረከቦቱ እየተንገዳገደ ሲኒዎቹ ሲንቀጫቀጩባት ከመሃሉ አንድ አንስታ ደገፍ አድርጋበታለች። "ከዚያ ሁሉ ወረቀት አንዲት ብትነሳ ምን ይጎድላል ብዬ ነዋ!"

ልጁ ሊጎትታት እጁን ሲዘረጋ፣ እስካሁን ኩርፍ ብለው የተቀመጡት ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ተው! በረካው ሳይጠጣ ረከቦት አይነካም። ነውር ነው በባህላችን።"