እማዬን ያጎረሰች እጅ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልመሰክር ነው። ለኪዳነ ምሕረት ስለት ነበረብኝ። «እማዬ በአፏ እህል ከበላችልኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ነበር። በላች። እኔም ይኸው ቃሌን ልፈጽም መጣሁ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማዬን ስትሮክ የመታት በግራ በኩል ባለው የአንጎሏ ክፍል ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አልታዘዝ አሉ። ንግግሯም ተያዘ። ትሰማለች፣ ሰው ትለያለች፣ ቃሉ ግን አይወጣላትም። መዋጥም ከበዳት። ቀጭን ፈሳሽ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ተብሎ ውሃው ሳይቀር ወፈር ተደርጎ፣ ምግቧም ተፈጭቶ ነበር የሚሰጣት።

ከሆስፒታል ወደ ነርሲንግ ሆም፣ ሕመምተኛና አረጋዊ ወደሚጦርበት ቤት፣ ገባች። ቤት እንዳንወስዳት ያለ ሁለት ሰው ከአልጋ አትነሳም። ገላዋ እንዳይቆስል ቀንም ሌትም በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባት። ወንድሜና እኔ ካልሠራን ደግሞ የቤት ኪራይ የለም። «እናቷን ለፈረንጅ ሰጠቻት» መባሉን ሰምቻለሁ። በጣም አሞኛል። ግን አሁን ስለሱ አይደለም የማወራው።

ከሁሉም የከበደኝ አለመብላቷ ነው። ማንኪያው ሲቀርብላት ፊቷን ታዞራለች። ስንለምናት እንባዋ ይወርዳል እንጂ አፏ አይከፈትም። ከሰውነት ወጣች። ሐኪሙ «ሆዷ ላይ ቱቦ ተደርጎላት በዚያ ትመገብ» አለን። ስንቱን ስታጎርስ የኖረች ሴት! ያን ሰሞን ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ተቀምጬ «እመቤቴ፣ አንቺም እናት ነሽ፤ እናቴ በአፏ ትብላልኝ» እያልኩ አለቅስ ነበር። ሌላ ጸሎት አልነበረኝም።

መልሱ የመጣው በአንዲት የሴራሊዮን ሴት በኩል ነው። ሙስሊም ናት። በነርሲንግ ሆሙ ከሚያጥቡት፣ ከሚያለብሱትና ከሚያጎርሱት ረዳቶች አንዷ ናት። እማዬን «ማማ» ነው የምትላት።

አንድ ቀን ምሳ ይዛ ስትገባ፣ እማዬ በግራ እጇ ያን የማይታዘዝ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ስታነሳ፣ እጁም ተመልሶ ሲወድቅባት አየች። ብዙ ሰው እጇን አሟት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ማንኪያውን አስቀመጠች። ራስጌዋ ያደረግነውን መስቀልና ሥዕለ ማርያም ቀና ብላ አየች። ከዚያ የእማዬን ቀኝ እጅ በእጇ ይዛ ወደ ግንባሯ፣ ወደ ደረቷ፣ ወደ ግራ ትከሻዋ፣ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ወሰደችላት። እማዬ አፏን ከፈተች።

እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ሳታማትብ እህል ቀምሳ አታውቅም። በግራ እጇ ደግሞ አታማትብም። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ በዓይኗ ስትለምነን የነበረው ይህንን ነው። ያቺ ሴት ስልክ ደውላ «ማማ በላች! ሳህኑ ባዶ ነው!» ስትለኝ ሥራ ቦታዬ ላይ ቆሜ እልል አልኩ። ሰው ምን ሆነች ብሎ ዞሮ አየኝ። ግድም አልሰጠኝ።

በአሜሪካ ሕግ ለዚህ ሥራ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ያስፈልጋል። ማጠብ፣ ማገላበጥ፣ ማጎረስ ይማሩበታል። የማትናገር እናት በልቧ ያለውን መስማትን ግን ከየት ተማረችው? እኔ ከእግዚአብሔር ነው እላለሁ። እሷም እንደዚያው ነው የምትለው።

ለራሷ ብቻም አላስቀረችውም። ለተረኛዋ ነርስ ነገረቻት፣ ነርሷም በእንክብካቤ ዕቅዷ ላይ አስገባችው። አሁን ሌሊት ገቢውም፣ የቅዳሜና እሁዱም ተረኛ ከማጉረሱ በፊት እጇን ያነሳላታል። አንዷ የኤል ሳልቫዶር ልጅ ካቶሊክ ስለሆነች አብራት ታማትባለች። ሌላ ሰባት ስምንት ሰው የሚጠብቃቸው ሠራተኞች ናቸው እኮ! አንዷን ማንኪያ እስክትውጥ ቆመው ይጠብቋታል። አገጯን ዝቅ አድርጋ እንድትውጥ ያስታውሷታል፤ ሳትጨርስ ሌላ አይጨምሩባትም። የንግግር ቴራፒስቷም «በቃሏ የምታውቀው ጸሎት አለ?» ብላ ጠየቀችን። ቃል የጠፋበት ሰው ከልጅነቱ በቃሉ የያዘው ጸሎትና መዝሙር ሊተርፍለት ይችላል አለችን። «አቡነ ዘበሰማያት» ብለን ጀመርንላት። እማዬ «ይትቀደስ ስምከ» አለች። ቴራፒስቷ አንድም ቃል ሳይገባት ከእኛ ጋር አለቀሰች።

ቱቦው ቀረ። ክብደቷም ተመለሰ። እጇ እስካሁን አልዳነም፣ ንግግሯም ገና ነው፤ ለሱም እየጸለይን ነው። ያቺ የሴራሊዮን ልጅ በሚቀጥለው ወር አገሯ ፍሪታውን ሄዳ የራሷን እናት ልታይ ነው። ካየቻት ብዙ ጊዜ ሆኗታል። በሰላም ደርሳ፣ እናቷን በጤና አግኝታ እንድትመለስ በጸሎታችሁ አስቧት።