ከዱቤ ደብተር የጀመረ ማስታወቂያ፦ የሽያጭ ትንተና ሶፍትዌራችንን ለጎጃም ነጋዴ ያስተዋወቅንበት መንገድ

በባሕር ዳር አራት ሆነን የምንሠራው ሶፍትዌር የአንድን ንግድ ቤት ሽያጭ፣ የዕቃ ክምችትና ዱቤ በየቀኑ እየመዘገበ፣ የትኛው ዕቃ ቶሎ እንደሚሸጥ፣ የትኛው መጋዘን ውስጥ እንደ ተኛ፣ ማን ስንት ብር እንዳልከፈለ ለባለቤቱ በስልኩ ላይ የሚያሳይ ነው። ሥራውን ለነጋዴው የማስተዋወቁ ኃላፊነት ለእኔ የተሰጠኝ በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ቀደም፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለ ቆየ፣ በየሱቁ እየዞሩ ከማስረዳት ሌላ አማራጭ አልነበረንም። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ግን በደብረ ማርቆስም፣ በፍኖተ ሰላምም፣ በእንጅባራም ላሉ ነጋዴዎች ከመቀመጫችን ሳንነሣ መናገር የምንችል መስሎን እጅግ ደስ ብሎን ነበር።

የመጀመሪያው ማስታወቂያችን በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ የሚያሳይ ፎቶ ነበር፤ ከሥሩ «ንግድዎን በመረጃ ይምሩ» የሚል ጽሑፍ አስቀመጥን። ፌስቡክ ላይ አካባቢውን መላው አማራ ክልል፣ ዕድሜውን ከ18 እስከ 65፣ ፍላጎቱን «ንግድ» ብለን ሞላንና ቡስት አደረግነው፤ ማለትም ብዙ ሰው እንዲያየው ከፈልንበት። ላይኩ ጎረፈ፤ ስልኩም ጮኸ። ነገር ግን የሚደውሉት ሥራ የሚፈልጉ አዲስ ተመራቂዎችና ሥልጠና ትሰጣላችሁ ወይ ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው በአክብሮት መለስኩ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ግን አንድም የሱቅ ባለቤት አልደወለም። ያጠፋነው ገንዘብም ለእኛ ቀላል አልነበረም። የማስታወቂያ ክፍያ የሚታሰበው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፎ ስለ ነበር፣ በብር የያዝነው በጀት ቀድሞ ከሚገዛልን ማስታወቂያ ግማሹን ያህል ብቻ ነበር የሚገዛልን።

ቆይቼ ስመረምረው ሥርዓቱ የጠየቅነውን በትክክል ፈጽሞልን ነበር። ማስታወቂያ ለማን እንደሚታይ የሚወሰነው በጨረታ ነው፤ በዚህ ጨረታ የሚያሸንፈው ብዙ ገንዘብ ያቀረበ ብቻ አይደለም። ይህ ተጠቃሚ ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው የፈለገውን ድርጊት የመፈጸም ዕድሉ ምን ያህል ነው የሚለው ግምትና የማስታወቂያው ጥራትም አብረው ይታሰባሉ። እኛ በዓላማው ቦታ ላይ ላይክና አስተያየት እንፈልጋለን ብለን ስለ ነበር፣ ያገኘነው ላይክ ማድረግ የሚወዱትን ሰዎች ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው የጅምላ ነጋዴ ላይክ አያደርግም፤ አይቶ ያልፋል፣ ያስብበታል፣ ለጎረቤቱ ያነሣዋል። በዕድሜና በቦታ ማጥበብን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ከዚያ ሁሉ የሚቀድመው ግን ከሰውየው የምንፈልገው ድርጊት ምን እንደ ሆነ መወሰን ነው ብዬ አምናለሁ።

በኅዳር ማስታወቂያውን አቁሜ ደብረ ማርቆስ ወደሚገኝ አንድ የሸቀጥ ጅምላ ማከፋፈያ ሄድኩ። ባለቤቱ ከሥራ ባልደረባዬ አባት ጋር ይተዋወቃሉ፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ባንኮኒው አጠገብ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ «ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ የንግድዎን ትንተና ያወጣልዎታል» ብዬ ልጀምር ስል፣ «ትንተናውን ቆይ ልጄ፤ የቢቸናው ሰው ዘይት ከወሰደ ስንት ቀን ሆነው? እሱን ንገረኝ» አሉኝ። ጥያቄው እኔን ለመፈተን የተነሣ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነበር።

ልጃቸው የዱቤ ደብተሩን አወጣች። ጠርዙ በላብና በዘይት የጠቆረ፣ በላስቲክ የታሰረ ወፍራም ደብተር ነው። በሰማያዊ ስክሪፕቶ የተጻፈው ዕዳ በቀይ ተሰርዟል፤ ከተሰረዘው በላይ ደግሞ በእርሳስ አዲስ ቁጥር ተጽፏል። የሰውየውን ስም በሦስት የተለያዩ ገጾች ላይ አገኘችው፤ ግማሹን ከፍሎ እንደ ሆነ የሚያሳየው ጽሑፍ ግን ከደብተሩ መካከል በወደቀ የፓስታ ካርቶን ቅዳጅ ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሲፈለግ ሁለት ደንበኞች ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ አንዱ ሰዓቱን አይቶ ሄደ። ልጅቱ በዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ተምራለች፤ የሁሉንም ነገር መፍትሔ ታውቀዋለች፤ አባቷ ግን «ደብተሩ ምን ጎደለው?» ስለሚሉ ዝም ብላ ትፈልጋለች።

በዚያ ሱቅ ሁለት ሰዎች እንዳሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ገንዘብ የሚያወጡት አባት ናቸው፤ ድካሙን የምትሸከመው ልጅቱ ናት። አባት ማታ ከቤት ሆነው በፌስቡክ ቪዲዮ ያያሉ፤ ልጅቱ ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ናት። እሷን ብቻ ብናሳምን አባት ገንዘቡን አይፈቅዱም፤ እሳቸውን ብቻ ብናሳምን ደግሞ በየቀኑ የሚመዘግብ አይኖርም፤ ሳይመዘገብ የሚወጣ ትንተና ደግሞ የለም። ስለዚህ ለአንድ ሶፍትዌር ሁለት ማስታወቂያ ሠራን። ለልጅቱና እሷን ለመሰሉ ሂሳብ ያዦች የተዘጋጀው፣ የአንድ ደንበኛ ዱቤ በስም ተፈልጎ እንዴት እንደሚወጣ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ነበር። ለአባት የተዘጋጀው ደግሞ የ40 ሰከንድ ቪዲዮ ሲሆን፣ ስሞቹን ሸፍነን የቀረጽነውን ያንኑ ደብተር አሳይቶ፣ «ዱቤ የወሰደብዎ ሰው ስንት ቀን ሆነው?» ብሎ ይጠይቅና ወዲያው መልሱን በስልክ ስክሪን ላይ ያሳያል። በቪዲዮው ውስጥ ትንተና፣ ዳሽቦርድ፣ ዲጂታል የሚሉ ቃላት አንድም ቦታ የሉም። ወሮቹ ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት እየተባሉ ይነበባሉ፤ ብዛቱም በካርቶንና በኩንታል ነው።

ቀጥሎ ቦታውን አጠበብን። ፌስቡክ ላይ በካርታው አንድ ነጥብ ተክሎ ዙሪያውን እስከ 1 ኪሎ ሜትር ድረስ መወሰን ይቻላል፤ ስለዚህ ክልሉን በሙሉ ከመምረጥ ይልቅ የባሕር ዳርን፣ የደብረ ማርቆስን፣ የቡሬንና የፍኖተ ሰላምን የጅምላ መደብሮች የሚገኙባቸውን ሰፈሮች አንድ በአንድ ተከልን። ከዚያም የማይፈለገውን ቦታ አስወጣን፤ ለምሳሌ በባሕር ዳር የዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለበትን የፔዳ አካባቢን ስናስወጣ የተማሪዎቹ ጥሪ ወዲያውኑ ቀነሰ። ዝቅተኛውን ዕድሜ ለአባቶች ማስታወቂያ 35 አደረግነው። የመረጥነውም የሸቀጥና የግንባታ ዕቃ ጅምላ ነጋዴዎችን ብቻ ነው፤ ሆቴሎችንና መድኃኒት ቤቶችን ለጊዜው ተውናቸው። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ያህል ማጥበብ ገበያ ማሳጣት ነው ብለው ተከራክረውኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ በጀቱ ትንሽ በሆነ ቁጥር ለጥቂት ሰው ደጋግሞ መናገር ለብዙ ሰው አንድ ጊዜ ከመናገር ይሻላል የሚለውን አቋሜን አልለወጥኩም።

ቪዲዮውን ቢያንስ እስከ ግማሹ ያዩትን ሰዎች ለይቶ ሌላ ማስታወቂያ ለእነሱ ብቻ ማሳየት ይቻላል፤ ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ ነው። ስለ ዱቤ የሚናገር ቪዲዮ 20 ሰከንድ የሚያይ ሰው የዱቤ ችግር ያለበት ሰው ነውና፣ ስለ ፍላጎቱ ፌስቡክ ከሚገምተው ግምት ይልቅ ይህ ይበልጥ እርግጠኛ ምልክት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለእነዚህ ሰዎች ያዘጋጀነው ሁለተኛ ማስታወቂያ ዋጋውን በብር በግልጽ ይናገርና የሚደወልበትን ቁጥር ያሳያል። ድረ ገጽ ውስጥ ቅጽ እንዲሞሉ አልጠየቅናቸውም፤ ኔትወርኩ በሚደክምበት ከተማ ገጹ እስኪከፈት የሚጠብቅ ነጋዴ የለም፤ ስልክ ግን ይደውላል።

ፌስቡክ ነባር ደንበኞቻችንን የሚመስሉ ሰዎችን እንዲፈልግልን ለማድረግም አስበን ነበር። ለዚያ ከአንድ አገር ቢያንስ የ100 ሰዎች ዝርዝር ያስፈልጋል፤ እኛ ያን ያህል ደንበኛ አልነበረንም። በዚህ ጊዜ የነጋዴዎችን ስልክ ቁጥር የያዘ ዝርዝር እሸጥላችኋለሁ የሚል ሰው መጣ፤ አልተቀበልነውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አዋጁ ባይኖር እንኳ የሰዎችን የንግድ ምስጢር በአደራ ሊይዝ የሚፈልግ ድርጅት ሥራውን ባልተፈቀደለት ስልክ ቁጥር ሊጀምር አይገባውም።

አደራ ስል ከሚደውሉት ሰዎች አፍ የምሰማውን ትልቁን ጥያቄ ማንሣቴ ነው። ከዋጋ በፊት፣ ከአጠቃቀም በፊት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚጠይቁት «ይህ ነገር ለገቢዎች ይታያል ወይ?» የሚለውን ነው። መጀመሪያ ላይ ጥያቄውን በአጭሩ ለማለፍ እሞክር ነበር፤ ይህም ጥርጣሬውን ያባብሰው ነበር። በኋላ መልሱን ራሱን የቻለ ቪዲዮ አድርገን አወጣነው፦ መረጃው የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ እኛም አናየውም፤ ሶፍትዌሩ ከግብር ሥርዓቱ ጋር የተገናኘ አይደለም፤ ሕጋዊ ደረሰኝ የመቁረጥንም ሆነ ግብር የማሳወቅን ግዴታ ግን አያስቀርም። ሽያጭ ለመሸሸግ የሚፈልግ ሰው ሲደውል እንደማንሸጥለት በትሕትና እንነግረዋለን። በዚህ ምክንያት ያጣናቸው አሉ፤ አልጸጸትበትም። ካሳየናቸው ቪዲዮዎች ሁሉ ሰዎች ለሌላ ሰው የላኩት በብዛት ይህንኑ ነበር።

ጊዜውም የራሱ ሕግ ነበረው። ገበያ በሚቆምበት ቀን ለነጋዴ መናገር ከንቱ ስለ ሆነ የቅዳሜን ቀን ዘለልነው፤ የአባቶቹን ማስታወቂያ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አደረግነው። ከበጀቱ ትልቁን ድርሻ ያስቀመጥነው ለሰኔ ነበር። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ዕቃ ይቆጠራል፤ መጋዘን ውስጥ የተረሳው ዕቃ የሚወጣውም፣ የዱቤው ብዛት የሚያስደነግጠውም ያን ጊዜ ነው። ሂሳብ መዝገብ የሚይዘው የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ ዓመታዊ ግብሩን ስለሚያሳውቅ፣ በሐምሌና በነሐሴም ስለ ሂሳብ የሚነገረውን ይሰማል። ያው ቪዲዮ በየካቲት ሲታይ ዝም ያለው ሰው በሰኔ መጨረሻ ሲደውል አጋጥሞኛል።

የቴሌግራምን የተከፈለ ማስታወቂያ አልተጠቀምንበትም፤ ከ1000 በላይ ተከታይ ባላቸው የሕዝብ ቻናሎች ላይ የሚወጣና ጽሑፉ ከ160 ፊደል የማይበልጥ ስለ ሆነ የዱቤውን አፈላለግ ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት አይመችም። በዚያ ፋንታ የሸቀጥ ዋጋ የሚለጠፍባቸውን የአካባቢያችንን ቻናሎች ባለቤቶች በቀጥታ አነጋግረን ለሂሳብ ያዦቹ ያዘጋጀነውን አወጣን። ጉግል ላይም ሞክረን ነበር፤ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ተውነው።

ውጤቱን መለካት ከሁሉም አድካሚው ነበር። የፌስቡክ ሥርዓት ተገቢውን ሰው ለይቶ ለማወቅ በአንድ ሳምንት ውስጥ 50 ያህል የተፈለገው ድርጊት ሲፈጸም ማየት ይሻል፤ በሳምንት 50 ሶፍትዌር የምንሸጥ አይደለንምና፣ ዓላማውን ሽያጭ ከማድረግ ይልቅ መደወልና መልእክት መላክ አደረግነው። በተጨማሪም ሪፖርቱ በተለመደው አሠራሩ የሚቆጥረው ሰውየው ማስታወቂያውን ከነካ በ7 ቀን ውስጥ፣ ካየው ደግሞ በ1 ቀን ውስጥ የሚሆነውን ነው። የጎጃም ነጋዴ ግን በ7 ቀን አይወስንም። ያያል፤ ቀደም ብሎ የገዛ ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ከልጆቹ ጋር ይመክራል፤ ወር ከዚያም በላይ ቆይቶ ይደውላል። በሪፖርቱ ብቻ ብንመራ ኖሮ ዋናውን ቪዲዮ በሁለተኛው ሳምንት እናቆመው ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የተለየ ስልክ ቁጥር መደብን፤ የደወለውንም ሁሉ «ስለ እኛ መጀመሪያ የሰሙት ከየት ነው?» ብለን እየጠየቅን መዘገብን። ከመልሶቹ አብዛኞቹ ሁለት ነገር የያዙ ነበሩ፦ «ቪዲዮውን አይቼ ነበር፤ ኋላ ላይ እገሌ ሱቅ ሲሠራበት አየሁት።» እነዚህን ለማስታወቂያው ብቻ ወይም ለሰውየው ብቻ መስጠት ስለማይቻል፣ በመዝገባችን ሁለቱንም የሚይዝ ሦስተኛ ዓምድ ከፈትን፤ ብዙው ደንበኛ የተመዘገበውም በዚያ ዓምድ ነው።

የደብረ ማርቆሱ ነጋዴ ሶፍትዌሩን የወሰዱት ቪዲዮው ከወጣ ከአራት ወር በኋላ ነው። ደብተሩን አልጣሉትም፤ ልጃቸው ሁለቱንም ትይዛለች፤ በየወሩ መጨረሻም ታመሳክራለች።

አሁን የመድኃኒት ቤቶችን ዘመቻ እያዘጋጀሁ ነው። በመጪው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ወደምትገኝ አንዲት ባለ መድኃኒት ቤት እሄዳለሁ። ጊዜያቸው ሊያልፍ የተቃረቡትን መድኃኒቶች ስም በቀይ ስክሪፕቶ የምትጽፍበት ወረቀት ከመደርደሪያዋ ጎን እንደ ተለጠፈ በስልክ ነግራኛለች፤ የማስታወቂያውን የመጀመሪያ መስመር የምጽፈው ያንን ወረቀት ካየሁ በኋላ ነው።